ልጄ ሌሊት ያንኮራፋል፣ ምን ላድርግ?

የሳቢያኗ እናት፦ ሰላም ድሬዎች፣ የ4 ዓመት ልጄ አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው፣ እንደ ትልቅ ሰው ያንኮራፋል፣ አንዳንዴ ደሞ ትንፋሹ ቀጥ ይልና ባንኖ አየር ይስባል፣ አማቴ እንጥሉ ወርዶ ነው አስቆርጪው እያለችኝ ነው ምን ትመክሩኛላችሁ?

የከዚራ ልጅ፦ ኧረ እህቴ እንጥል እንዳታስነኪ! ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን አለው። የኛ ልጅ አዴኖይድ ነው የተባለው፣ ከአፍንጫ ጀርባ ያለ እጢ ስለሆነ አፍ አስከፍተሽ አታዪውም፣ በራጅ ነው ያዩት። በአፍንጫ የሚነፋ ስፕሬይ ታዞለት ተሻለው፣ ለአንዳንዱ ግን በኦፕራሲዮን ይወጣል።

ነርሷ፦ ትንፋሹ የሚቆም ከሆነማ አትቆዪ፣ ተኝቶ በሞባይል ቅረጪውና ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ቀን መቅበጥበጥ፣ አልጋ ላይ መሽናት ካለም ንገሪያቸው። ከንፈሩ ከጠቆረ ግን በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

የሳቢያኗ እናት፦ አልጋውንማ ያረጥበዋል 😅 እሺ እወስደዋለሁ፣ አማቴን ማን ያሳምንልኝ እንጂ