የዳንጀን ወለልና ግድግዳ በካርቶን መስራት፣ ስንት ቁራጭ ይበቃል?

ሃያፊት፦
ሰላም ነው ጓዶች። እዚህ አዲስ አበባ ከሰፈር ልጆች ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን ገጸ ባህሪ ይዞ ታሪክ የመፍጠር የጠረጴዛ ጨዋታ እንጫወታለን፣ ዲኤሙ ማለትም ታሪኩን የምተርከውና ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ፣ ተጫዋቾቼ አምስት ናቸው፣ ሁሉም ከልባቸው ነው የሚጫወቱት። እስካሁን ካርታውን ስኩዌር ደብተር ላይ ነበር የምስለው፣ አሁን ግን የድንጋይ ወለል፣ ግድግዳና በር ያለው፣ እየተገጣጠመ የሚቀያየር ዳንጀን፣ ማለትም ጭራቅና ወጥመድ ያለበት የምድር ውስጥ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ መዘርጋት አማረኝ። ድዋርቨን ፎርጅ የሚባለው ድርጅት ተሰርተው ያለቁ የሚሸጣቸውን አይቻለሁ፣ በጣም ነው የሚያምሩት፣ ግን በዶላር ተገዝተው እዚህ እስኪደርሱ ዋጋው አይሞከርም፣ ስለዚህ በእጄ ልሰራ ነው። ያለኝ ካርቶን፣ የቲቪ ማሸጊያ ነጭ ስታይሮፎም፣ ከተርና ነጭ የአናጺ ኮላ ነው።

የአንዱ ካሬ ልክ ስንት ይሁን? ካርቶን ይሻላል ወይስ ስታይሮፎም? ዋናው ጥያቄዬ ደግሞ ስንት ቁራጭ ሰርቼ ልጀምር፣ እና እኔ ቁራጭ ስደረድር ጨዋታው አይቀዘቅዝም ወይ? ልጆቹ ተመስጠው ባሉበት ሰአት እኔ ግድግዳ ስፈልግ ሙዱ እንዳይጠፋ ነው የምፈራው።

ሰአሊዋ፦
ጎበዝ ወንድሜ፣ ደስ የሚል ስራ ነው የጀመርከው። የተለመደው ልክ አንዱ ካሬ 1 ኢንች ማለትም 2.5 ሴንቲ ገደማ ሆኖ በጨዋታው 5 ጫማ ነው የሚቆጠረው፣ የ28 ሚሊሜትር ሚኒዎች (ገጸ ባህሪያቱን የሚወክሉ ትንንሽ ምስሎች) መቆሚያም ብዙ ጊዜ 25 ሚሊ ስለሆነ ልክክ ይላል። ግን አንተ ሚኒ ካላስመጣህ የምትጠቀመው ቆርኪ ላይ የተለጠፈ የወረቀት ስእል ይመስለኛል፣ ቆርኪ ደግሞ ከ1 ኢንች ትንሽ ስለሚሰፋ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ይጋፋሉ። እኔ ብሆን 3 ሴንቲ አደርገው ነበር፣ በማስመሪያም ለመለካት ይቀላል። አንዴ ከመረጥክ ግን ልኩን እንዳትቀይር፣ ግማሹ በ2.5 ግማሹ በ3 ከተሰራ ምንም አይገጥምም።

ወለሉን በካርቶን ስራው። ሁለት ካርቶን ስታጣብቅ የውስጣቸው መስመር የአንዱ በአግድም የሌላው በቁልቁል ይሁን፣ ያኔ ይጠነክራል። ካርቶን ኮላም ቀለምም አንድ ጎኑን ብቻ ከነካው ይቆለመማል፣ ስለዚህ ጀርባውንም ቀባውና እስኪደርቅ ከባድ መጽሐፍ ጫንበት። ለድንጋዩ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ፈልግ፣ ጠፍጣፋውን ቦታ በትንንሹ ቆራርጠህ ጫፍ ጫፉን በጣትህ ክብብ እያረክ ለጥፈው፣ ሻካራነቱ ራሱ እውነተኛ ድንጋይ ነው የሚመስለው። ለበር የአይስክሬም እንጨት፣ ለብረት ፍርግርግ ስቴኪኒ።

ቀለሙ ላይ አትቸኩል። መጀመሪያ ጥቁር ፕላስቲክ ቀለም ከኮላ ጋር ቀላቅለህ ሁሉንም ቀባ፣ ሲደርቅ ብሩሽህን ግራጫ ውስጥ ነክረህ ምንም ቀለም የቀረው እስከማይመስል በሶፍት ጥረገውና ላይ ላዩን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ ቀለሙ ጫፍ ጫፉን ብቻ ይይዝና ድንጋዩ ብቅ ይላል፣ እቺን ሰአት በጣም ነው የምወዳት። ከዛ ቡናማ ቀለም በብዙ ውሃ አቅጥነህ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምርበት፣ ሳሙናው ስንጥቁ ውስጥ እንዲገባ ያደርገዋል።

ቨርጂኒያ_ነኝ፦
ሰአሊዋ ባለችው እስማማለሁ፣ ስለ ፎሙ ልጨምር። እኛ እዚህ አሜሪካ የምንጠቀመው ለቤት ግድግዳ ብርድ መከላከያ የሚሸጠውን ሮዝ ወይም ሰማያዊ ኤክስፒኤስ የሚባለውን ነው፣ እሱ እርሳስ ስትጫንበት መስመሩን ይይዛል፣ የተጨማደደ አልሙኒየም ፎይል አድቦልቡለህ ብትጫንበት የድንጋይ ቆዳ ያወጣል። ያንተ ነጩ ኢፒኤስ ነው፣ ፍሬ ፍሬ ስለሆነ በከተር ሲቆረጥ ይፈረፈራል፣ ስለዚህ ለወለል ሳይሆን ለዋሻና ለገደል አስቀምጠው፣ በእጅ ሲቆረስ ራሱ አለት ነው። ሁለቱንም ግን ስፕሬይ ቀለም በቀጥታ እንዳትነፋባቸው ያቀልጣቸዋል፣ መጀመሪያ ኮላና ቀለሙ ይሸፍነው። በጋለ ሽቦ የምትቆርጥ ከሆነ ደሞ መስኮት ክፈት፣ ጭሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

እና ግድግዳውን ረጅም አታድርገው! 1 ሴንቲ ተኩል በቂ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ሰው በየአቅጣጫው ነው የሚቀመጠው፣ ግድግዳው ከፍ ካለ ግማሹ ተጫዋች የራሱን ሚኒ አያይም፣ ያንተም እጅ ውስጡ አይገባም። በሩ ብቻ ከፍ ብሎ ይቁም።

የሰኞ_ዲኤም፦
ዋናው ጥያቄህ ሳይመለስ እንዳይቀር። ስንት ቁራጭ ለሚለው ህጉ ራሱ መልስ ይሰጥሃል፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የጨዋታው ህግ 5ኛ እትም ችቦ በደንብ የሚያበራው 20 ጫማ ነው፣ ከዛ በኋላ ሌላ 20 ጫማ ድንግዝግዝ ነው፣ ማለትም 4 ካሬ ብርሃን 4 ካሬ ድንግዝግዝ። በጨለማ የሚያዩት ኤልፍና ድዋርፍ የሚባሉት የጨዋታው ፍጡራን እንኳ 60 ጫማ ማለትም 12 ካሬ ነው የሚያዩት። ስለዚህ ሙሉ ዳንጀን መዘርጋት ምንም አያስፈልግህም፣ የሚያዩትን ብቻ ዘርጋ፣ ወደፊት ሲሄዱ ከኋላቸው ያለውን አንስተህ ፊታቸው አድርገው። 4 በ4 ካሬ የሆነ ወለል ስድስት፣ 2 በ4 መተላለፊያ ስምንት፣ 2 በ2 ማእዘን አራት፣ በር አራት ካለህ ለአመት ትጫወትበታለህ፣ ልኮቹም እርስ በርስ ስለሚከፋፈሉ በፈለከው በኩል ይጋጠማሉ። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ አንጥፍ፣ ያልተዘረጋው ሁሉ ጨለማ ይሆናል ማለት ነው፣ ተጫዋቾቹም ይፈሩታል።

መቀዝቀዙን በተመለከተ፣ ቁራጭ የምትዘረጋው ውጊያ ወይም ወጥመድ ሲኖር ብቻ ይሁን፣ መንገዱን በአፍህ ተርክላቸው። የየክፍሉን ቁራጭ ቀድመህ በየፌስታሉ ለይተህ አስቀምጥ። በሩ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚሰማውንና የሚሸተውን ንገራቸው፣ ከዛ "ማነው የሚከፍተው? ከኋላው ማን ቆሟል?" ብለህ ጠይቅ፣ እነሱ ሲከራከሩ እጅህ ይሰራል፣ ክርክሩ ሳያልቅ ክፍሉ አልቋል።

ሌላው ደሞ ኤስአርዲ 5.1 የሚባለው የህጉ ክፍል በጃንዋሪ 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነጻ ተለቋል፣ ምንጩን እስከጠቀስክ ድረስ ወደ አማርኛ ተርጉመህ ለልጆቹ ማባዛት ትችላለህ።

ሃያፊት፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ የችቦውን ነገር ከቁራጩ ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር። በ3 ሴንቲ ነው የምሰራው። ነጩን ስታይሮፎም ለዋሻ ካላችሁ አይቀር ባሌ ያለውን የሶፍ ዑመር ዋሻ አይነት ልሰራ አሰብኩ፣ ወንዙ በመሀል የሚያልፍበት። ምን ትላላችሁ?

የሰኞ_ዲኤም፦
አሪፍ ነው! 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ ነው፣ የወይብ ወንዝ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል፣ ውስጡ ትልልቅ የድንጋይ አምዶች አሉት፣ ከዚህ የተሻለ ዳንጀን የት ይገኛል። ግን ለብዙ ሙስሊም ወገኖቻችን የተቀደሰ ቦታ ስለሆነ ስሙን ቀይረህ ቅርጹን ብቻ ውሰድ፣ ጭራቅም በቦታው ስም አታስቀምጥበት። አምዶቹን ከወለሉ ጋር አታጣብቃቸው፣ ለብቻ ከሆኑ መደበቂያ እያደረክ ታንቀሳቅሳቸዋለህ። ወንዙ ውስጥ የቆመ ሰው በየተራው የጉልበት ቼክ ይጣል፣ ማለትም ጉልበቱ ይበቃ እንደሆነ በዳይ ይሞክር፣ ከወደቀ ውሃው 2 ካሬ ይግፋው፣ ይሄ የኔ የቤት ህግ ነው።

ሰአሊዋ፦
ለውሃው ጥቁር አረንጓዴ ቀብተህ ሲደርቅ ኮላ በስሱ ደጋግመህ ቀባበት፣ አንዱ ሽፋን ሳይደርቅ ሌላውን ከጨመርክ ነጭ ሆኖ ነው የሚቀረው። ከእንጨት ቫርኒሽ ግን ራቅ፣ ስታይሮፎሙን ሊበላው ይችላል። ስትጨርስ ፎቶ ላክልን እሺ።