ዩሪያ የኑግን ዘይት ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው?

ጠያቂው (ከሜክሲኮ አደባባይ)፦
ጤና ይስጥልኝ። መሥሪያ ቤቴ መሐል አዲስ አበባ ቢሆንም ወላጆቼ በጊንጪ ዙሪያ ኑግ ይዘራሉ። ኑግ በእኛ ዘንድ ለደከመ መሬት የሚተው፣ ማዳበሪያ የማይጠይቅ ሰብል ተብሎ ቢታወቅም፣ ባለፈው ክረምት ከጤፉ የተረፈውን ግማሽ ኩንታል ያህል ዩሪያ እኔው ጎትጉቼ ኑጉ ላይ አስበተንሁ። ቁመቱ የሰው ያህል ደረሰ፣ በአንድ ጥግ በኩልም ጋሽቦ ተኛ፤ ያም ሆኖ ምርቱ ከወትሮው በለጠ። መርካቶ ያስጨመቅንበት ቤት ግን «ይህ ኑግ ዩሪያ የበላ ነው፣ ዘይት የለውም» አለን። አባቴ ከዚያ ወዲህ በነገሩ ሁሉ ይወቅሰኛል። ማዳበሪያ በእርግጥ ዘይት ይቀንሳል?

የአፈር ለምነት ባለሙያ፦
አባትዎም ጨማቂውም ከእውነቱ አልራቁም፤ ነገር ግን ከመቶ ኪሎ ፍሬ የሚወጣው የዘይት ድርሻና ከአንድ ሄክታር የሚገኘው የዘይት መጠን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ወደ ፍሬው ከሚልከው ምግብ ብዙውን ለፕሮቲን ስለሚያውለው የዘይቱ ድርሻ ዝቅ ይላል። ለስሌት ያህል ብቻ፣ 6 ኩንታል ፍሬ 40 በመቶ ዘይት ቢኖረው 240 ኪሎ ይሆናል፤ 8 ኩንታል 37 በመቶ ቢኖረው 296 ኪሎ ነው። ድርሻው ቢቀንስም በጠቅላላው የሚገኘው ዘይት ጨምሯል።

እኔ የምነቅፈው ዩሪያውን ብቻውን መስጠትዎን ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ሲሆን ፎስፎረስም ድኝም የለውም። ድኝ ደግሞ የተሟላ ፕሮቲን ለመሥራት ግድ ስለሆነ፣ እርሱ ሲጎድል የተወሰደው ናይትሮጅን በቅጠል ላይ ቀርቶ ለፍሬው የረባ ጥቅም አይሰጥም፤ ከቅባት እህሎች መካከል በተለይ ጎመንዘር ይህን ጉድለት አይታገሥም። ኤንፒኤስ ከሚባለው ማዳበሪያ 100 ኪሎ ውስጥ 19 ኪሎው ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎው ፎስፌት፣ 7 ኪሎው ድኝ ነው፤ በፊት የለመድነው ዳፕ ግን ድኝ አልነበረውም። ማሳው ውስጥ ገብተው ቅጠሉን ይመልከቱ፦ ያረጁት የታችኞቹ ቀድመው ከገረጡ የጎደለው ናይትሮጅን ሳይሆን አይቀርም፤ ለጋዎቹ የላይኞቹ ከገረጡ ግን ድኝን ይጠርጥሩ፣ ድኝ ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲሱ በቀላሉ አይዛወርምና።

ዘይት ጨማቂ (ከመርካቶ)፦
የሙያ ባልደረባዬን መንቀፍ ባልፈልግም «ዘይት የለውም» ያለው በምን ለክቶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። እርጥበት ያልለቀቀ ኑግ መጭመቂያው ውስጥ እንደ ሊጥ ይሆንና ዘይቱ ከፋጉሎው (ከተጨመቀው ፍሬ ተረፈ) ጋር ተያይዞ ይወጣል። እኔ ጆንያ ሲመጣልኝ እፍኝ አንሥቼ መዳፌ ላይ እፍ እለዋለሁ፤ በደንብ የበሰለው ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ ይቀራል፣ ቡናማውና ውስጡ ባዶ የሆነው ቀፎ ከገለባው ጋር ይበናል። ዩሪያ ዘግይቶ የተበተነበት ኑግ አንዱ ራስ ደርቆ ሲረግፍ ሌላው ገና ስለሚያብብ እንዲህ ያለው ቀፎ ይበዛበታል። ስለዚህ ጥፋቱ የማዳበሪያው ሳይሆን የጊዜው ሊሆን ይችላል።

የአፈር ለምነት ባለሙያ፦
በጊዜው ጉዳይ እስማማለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። መሬቱ አሲዳማ ከሆነ ፎስፎረሱ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ ኖራ ሳይጨመር ኤንፒኤስ መደራረብ ገንዘብ መቅበር ነው። ኑግ ደግሞ በራሱ ብናኝ እምብዛም ስለማያፈራ፣ በአበባው ወራት ፀረ ተባይ ተረጭቶ ንቦች ካለቁ የትኛውም ማዳበሪያ ፍሬ አያስይዘውም። የደጋ ቅባት እህሎችን የሚያጠናው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ከጊንጪ ሲመጡ መንገድዎ ላይ ነው፤ ጎራ ብለው ስለ አካባቢዎ አፈር ቢጠይቁ ይጠቅምዎታል።

ጠያቂው፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ዩሪያውን የበተንነው ሰብሉ ማበብ ሲጀምር ነበር፤ አሁን ነገሩ ገባኝ። ዘንድሮ አባቴን ካሳመንሁ ማሳውን ሦስት ቦታ ከፍለን አንዱን ያለ ማዳበሪያ፣ አንዱን በኤንፒኤስ ብቻ፣ ሦስተኛውን በኤንፒኤስና ገና በቡቃያው በሚሰጥ ጥቂት ዩሪያ እንሞክራለን። ለየብቻ አስጨምቄ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።

ዘይት ጨማቂ (ከመርካቶ)፦
ፍሬው ሳይጨመቅ በፊት፣ በኋላም ፋጉሎው ይመዘንልዎ፤ የዘይቱ ልክ የሚታወቀው በዚያ ነው። የሦስቱንም ጆንያ አፍ በተለያየ ቀለም ክር ይስፉት፤ በእኛ ግቢ ውስጥ ጆንያ ይቀላቀላል።