የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ዳግመኛ መወዳደር ካልቻለ ድምፃችን የሚዳኘው ማንን ነው?

ጠያቂ፦ አዲስ መራጭ (አሌክሳንድሪያ)

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁት በኖቬምበር 2025 በተካሄደው የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ምርጫ ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ ስመለከት ግዛቲቱን አራት ዓመት ያስተዳደሩት የግሌን ያንግኪን ስም አልነበረበትም፤ የቀረቡት ሪፐብሊካኗ ምክትላቸው ዊንሰም ኧርል-ሲርስ እና ዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ አንድ ገዥ በተከታታይ ሁለት ጊዜ እንዳይመረጥ እንደሚከለክል አስቀድሜ ሰምቻለሁ። ያልገባኝ ነገር የሚከተለው ነው። መራጭ በእጁ ያለው ትልቁ ጉልበት ደህና የሠራን ሹም ማቆየት፣ ያጠፋን ማሰናበት ከሆነ፣ ቢያለማም ቢያጠፋም መሄዱ የማይቀር ሹም በምን ይጠየቃል? ሒሳቡስ የሚወራረደው ከማን ጋር ነው? ነገሩን በቅርብ የምትከታተሉ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የሪችመንድ ነዋሪ

ለመጀመሪያ ድምፅዎ እንኳን አበቃዎ። ዛሬ ከሃምሳዎቹ ግዛቶች ተከታታይ ሁለተኛ የሥልጣን ዘመንን ጨርሶ የምትከለክለው ቨርጂኒያ ብቻ ናት፤ ኬንታኪ እንኳ ተመሳሳይ ክልከላዋን በ1992 አንሥታለች። አብዛኞቹ ሁለት ዘመን ይፈቅዳሉ። ካሊፎርኒያ ሁለቱን ዘመን ለዕድሜ ልክ ስትቆጥር፣ ኦሃዮ ሁለቱን ጨርሶ የወጣ ሰው ጊዜ ቆይቶ እንዲመለስ ትፈቅዳለች፤ ቴክሳስና ኒውዮርክ ደግሞ ከነጭራሹ ገደብ የላቸውም። የቨርጂኒያ ጥንቃቄ ሥሩ ሩቅ ነው። በ1776 የወጣው ሕገ መንግሥት ገዥው በየዓመቱ በምክር ቤት እንዲመረጥና ከሦስት ተከታታይ ዓመት በላይ እንዳይቆይ ይደነግግ ነበር፤ በእንግሊዝ ንጉሥ ሹማምንት ሲተዳደር የኖረ ሕዝብ በአንድ ሰው እጅ የሚከማች ሥልጣንን ምን ያህል ይፈራ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሕዝቡ ገዥውን በቀጥታ እንዲመርጥ የተደረገው በ1851ዱ ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ የአራት ዓመቱ ዘመንና ክልከላው ከዚያ ወዲህ አብረው ዘልቀዋል።

አንድ ዘመን አሳልፎ መመለስ ግን ይቻላል። ሚልስ ጎድዊን በ1965 በዴሞክራትነት፣ በ1973 ደግሞ በሪፐብሊካንነት ተመርጠዋል። በ2013 ያሸነፉት ቴሪ ማኮሊፍም በ2021 ለመመለስ ሞክረው በያንግኪን ተሸንፈዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሊያዩት የሚገባዎ ግን በጀቱን ነው። የቨርጂኒያ በጀት የሚወጣው ለሁለት ዓመት ሲሆን ሥራ ላይ መዋል የሚጀምረው በጁላይ ነው። ያንግኪን የ2026–2028ን ረቂቅ ያቀረቡት በዲሴምበር 2025፣ ሥልጣን ሊያስረክቡ አንድ ወር ገደማ ሲቀራቸው ነው። ስፓንበርገር በጃንዋሪ 17 ቀን 2026 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ጠረጴዛቸው ላይ የጠበቃቸው የሌላ ሰው በጀት ነበር። ማሻሻያ ማቅረብ ይችላሉ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የራሳቸው የሆነውን የሁለት ዓመት በጀት የሚያቀርቡት ግን በዲሴምበር 2027 ነው። ያም በጀት እስከ ጁን 2030 ሲሠራበት፣ እሳቸው በጃንዋሪ 2030 ወንበሩን ለቀው ይሄዳሉ። ስለዚህ በአንድ ገዥ ዘመን የታየውን ሁሉ ለዚያ ገዥ መስጠት ከወዲሁ አዳጋች ነው።

መልስ፦ ከፌርፋክስ ካውንቲ

ሒሳቡ ከማን ጋር ይወራረዳል ለሚለው እኛ ባለመኪኖች በደንብ የምናውቀው ምሳሌ አለ። ሪፐብሊካኑ ጂም ጊልሞር በ1997 ገዥ ሆነው የተመረጡት ካውንቲዎች (የየአካባቢው አስተዳደሮች) በየዓመቱ የሚሰበስቡትን የመኪና ታክስ አስቀራለሁ ብለው ነው። ዕቅዱ ከመኪናው ዋጋ እስከ 20,000 ዶላር ድረስ ባለው ላይ የሚመጣውን ታክስ ግዛቲቱ በየዓመቱ ድርሻዋን ከፍ እያደረገች እንድትከፍልና በ2002 መቶ በመቶ እንድትሸፍን ነበር። ነገሩ 70 በመቶ ላይ ሲደርስ የመንግሥት ገቢ ቀነሰ፤ በ2001 ገዥውና የገዛ ፓርቲያቸው የሚመራው ሴኔት መስማማት አቅቷቸው የበጀት ማሻሻያው ሳይጸድቅ ቀረ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር መራጩ ፊት የቀረቡት ጊልሞር ሳይሆኑ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት የፓርቲያቸው ዕጩ ማርክ ኧርሊ ናቸው፤ እሳቸውም በዴሞክራቱ ማርክ ዋርነር ተሸነፉ። ለሽንፈታቸው ምክንያቱ ታክሱ ብቻ ነበር አልልም። ቢሆንም ባልገቡት ቃልና ባልተካፈሉበት የበጀት ጠብ መካከል ቆመው ድምፅ መለመን ነበረባቸው።

በኋላ ምክር ቤቱ ግዛቲቱ ለዚህ የምታወጣውን ገንዘብ በዓመት በ950 ሚሊዮን ዶላር ወሰነው። የመኪናው ቁጥርና ዋጋ እየጨመረ ሲሄድ ድጎማው እዚያው ቆሞ ስለቀረ፣ ልዩነቱ የሚወጣው ከእኛ ኪስ ነው። ከካውንቲው በሚላክልዎ የታክስ ደብዳቤ ላይ ተቀናሽ ሆኖ የሚያዩት መጠን ከዚያ ቃል የተረፈው ነው። (ኡበርና ታክሲ የምትሠሩ ወገኖች፣ መኪናው ከግማሽ በላይ ለሥራ የሚውል ከሆነ ተቀናሹ እንደማይመለከተው አትዘንጉ።)

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እኔ ከወንዙ ማዶ ነኝ። በእኛ ዘንድ ሁለት ተከታታይ ዘመን ይፈቀዳል፤ በ2014 እና በ2018 የተመረጡት ላሪ ሆገን በ2022 መወዳደር አልቻሉም። ዴሞክራት በሚበዛበት ግዛት ሪፐብሊካን ሆነው ሳለ እስከ መጨረሻው በሕዝብ ዘንድ የተወደዱ ነበሩ። ሆኖም መራጩ ይህን መውደዱን የሚያሳይበት ቦታ አላገኘም። ሆገን የደገፏቸው፣ በካቢኔያቸው የንግድ ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ኬሊ ሹልዝ ገና በፓርቲው የዕጩዎች ምርጫ በዳን ኮክስ ተሸነፉ። ኮክስ የዶናልድ ትራምፕ ድጋፍ የነበራቸው ብቻ ሳይሆኑ፣ ሆገን ራሳቸው ተከሰው ከሥልጣን እንዲነሡ የውሳኔ ሐሳብ ያቀረቡ የምክር ቤት አባል ነበሩ! በዋናው ምርጫ ዴሞክራቱ ዌስ ሙር ከ30 የመቶኛ ነጥብ በሚበልጥ ልዩነት አሸነፏቸው። ከዚህ የምረዳው ተሰናባች ገዥ የሠራው ጥፋት ለፓርቲው ዕጩ በቀላሉ ሲተርፍ፣ መልካም ስሙን ግን ይዞት እንደሚሄድ ነው።

ስምን በሙሉ ለማስተላለፍ የተሳካለት ሰው ከተፈለገ የአላባማው ገዥ ጆርጅ ዋላስ አለ። በ1966 ራሱ መወዳደር ስላልተፈቀደለት ሚስቱን ለርሊንን አቀረበ፤ አሸነፈች፣ ሥልጣን ላይ ሳለችም በ1968 በካንሰር ሞተች። ማን ይገዛ እንደነበር የሚጠራጠር አልነበረም። ክልከላው ሰውየውን እንጂ ሥልጣኑን አላራቀም፤ አላባማም በዚያው ዓመት ሕጓን ለውጣ ሁለት ተከታታይ ዘመን ፈቀደች።

ጠያቂ፦ አዲስ መራጭ (አሌክሳንድሪያ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲያው ሁለት ነገር ልጨምር። በ2025 ኧርል-ሲርስ የተሸነፉት በያንግኪን ሥራ ተመዝነው ነው ማለት ይቻላል? ክልከላውንስ ለማንሣት የሚያስችል መንገድ አለ?

መልስ፦ የሪችመንድ ነዋሪ

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ በአመዛኙ አይደለም የሚል ነው። ስፓንበርገር ያሸነፉት በ15 ነጥብ ያህል ልዩነት ነው፤ ያን ያህል ርቀት ግን ከያንግኪን የአራት ዓመት ሥራ ብቻ አይመጣም። የቨርጂኒያ ገዥ የሚመረጠው ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ በኋላ ባለው ዓመት ሲሆን፣ ከ1977 ወዲህ ዋይት ሀውስን የያዘው ፓርቲ ይህን ምርጫ ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2013 ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጠየቅ ገዥ ስለማይኖር መራጩ ንዴቱን ወደ ዋሽንግተን ያዞራል። በ2025ም በእናንተ በሰሜን ቨርጂኒያ ወገን ከሥራ የተሰናበተው የፌዴራል ሠራተኛ ብዙ ነበር፤ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥቱ ተዘግቶ ስለነበር፣ በሥራው ላይ ያለውም ቢሆን ወደ ምርጫ ጣቢያ የሄደው ደመወዝ ሳያገኝ ነው። ኧርል-ሲርስ ከዚህ ሁሉ ፊት ስለ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ስለ ሪችመንድ ጉዳይ ቢያወሩ ማን ይሰማቸዋል?

ያንግኪን ግን ዳግም ስለማይመረጡ ብቻ የፈለጉትን አድርገዋል የሚለውም አያስኬድም። ከምክር ቤቱ ጋር እየተጋጩ በ2024 ብቻ 201 ረቂቅ ሕጎችን ውድቅ አድርገዋል፤ በዚያ ላይ ከሪችመንድ የሚወጣ ገዥ ብዙ ጊዜ ሌላ ምርጫ ይጠብቀዋል። ዛሬ በአሜሪካ ሴኔት የተቀመጡት ሁለቱ የቨርጂኒያ ተወካዮች፣ ማርክ ዋርነርና ቲም ኬይን፣ ሁለቱም የቀድሞ ገዥዎች ናቸው። እነሱ በገዥነታቸው የተዳኙት ለሌላ ወንበር ሲወዳደሩ ነው። ሌላ ወንበር የማይፈልግ ገዥ ሲመጣ ግን ለጥያቄዎ የተሟላ መልስ የለኝም።

ክልከላውን ለማንሣት የምክር ቤቱ ሁለቱም ክፍሎች ማሻሻያውን ማጽደቅ፣ ከዚያ የታችኛው ምክር ቤት ምርጫ ተካሂዶ አዲሱ ምክር ቤት ያንኑ ጽሑፍ ሳይለውጥ ዳግመኛ ማጽደቅ፣ በመጨረሻም ሕዝቡ በድምፁ መወሰን አለበት። የገዥው ፊርማ አያስፈልግም። እኔ እንደማየው እንቅፋቱ ሥነ ሥርዓቱ አይደለም። ምክትል ገዥውና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለየብቻቸው የሚመረጡ፣ ገደብም የሌለባቸው ሲሆኑ፣ ከሴኔቱም ጥቂቶች ተጨምረውበት በየአራት ዓመቱ የሚከፈተውን ያንን ወንበር ይጠብቃሉ። የሚጠብቁትን ወንበር ለስምንት ዓመት የሚዘጋ ሐሳብ ሁለት ጊዜ ደግፈው እጃቸውን እንዲያወጡ የሚለመኑት ደግሞ እነሱና ወዳጆቻቸው ናቸው።