ወደ አዲስ ሕንፃ ስንገባ በጎ ፈቃደኞቹን ምን እናሠራቸው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ አነስተኛ የማኅበረሰብ የምክር አገልግሎት ድርጅት ነው። በቅርቡ ወደ አዲስ ሕንፃ እንገባለን። ቀለም ለመቀባትም ዕቃ ለመሸከምም ብዙ ሰው "አለሁ" ብሎናል፣ በጣም ደስ ብሎኛል። የሚያሳስበኝ የተገልጋዮቻችን ፋይል ነው፤ ሊያግዙን ከሚመጡት መካከል ጎረቤቶቻቸው መኖራቸው አይቀርም። እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?

መልስ፦
ፋይል የሚነካው ሠራተኛ ብቻ ይሁን። እኛ ካርቶኖቹን አሽገን ቁጥር ብቻ ጻፍንባቸው፣ ስም የሚባል ነገር የለም። ሁለት ሠራተኞች ራሳቸው ይዘዋቸው ሄዱ፣ ቁም ሳጥኑ እስኪቆለፍም ከአጠገቡ አልተነሡም። ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ ጽዳቱን ለበጎ ፈቃደኞቹ ተዉላቸው።

መልስ፦
ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ድምፅ ፈትሹ! አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ገብቶ እንደ ወትሮው ያውራ፣ ሌላው ኮሪደር ላይ ቆሞ ያዳምጥ። እኛ ጋ እያንዳንዱ ቃል ይሰማ ነበር። ለካ ግድግዳው ከኮርኒሱ በላይ አልዘለቀም፣ በበሩ ሥርም ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ነበር። በሩን ጎማ አስገጠምንለት፣ ግድግዳውን ግን ግንበኛ ነው ያስተካከለው። ሰው ችግሩን የሚናገረው ሌላ እንደማይሰማው ሲያምን ነው።

መልስ፦
ተገልጋዮቹን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ለተጨነቀ ሰው የበር መቀየር ቀላል ነገር አይደለም። የአዲሱን መግቢያ ፎቶ አሳዩአቸው፣ ስልካችሁም በዚያ ቀን እንዳይቋረጥ።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። የድምፁን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፣ ነገ ጠዋት ሄጄ እሞክረዋለሁ።