ነጥብ አስቆጥሮ ራሱን የሚይዝ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እባካችሁ አስረዱኝ

የክላርክስተኑ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አትላንታ ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ እሠራለሁ። የሥራ ባልደረባዬ እዚሁ ተወልዶ ያረጀ፣ በፋልከንስ (የአትላንታው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን) ፍቅር የተቃጠለ ሽማግሌ ነው። ትናንት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ኦክቶበር 2020፣ ፋልከንስ ከዲትሮይት ላየንስ። ፋልከንስ 16 ለ 14 እየተመሩ ነው። የፋልከንሱ ቶድ ገርሊ ኳሷን ይዞ ከ10 ያርድ ላይ ይሮጣል። ተከላካዮቹም ሊያስቆሙት የሚጣደፉ አይመስሉም። የነጥብ መስመሩ ጋ ሲደርስ ሰውዬው ፍሬን ያዘ! ሊወድቅ ሞከረ፤ ፍጥነቱ አሸንፎት ገባ። ታችዳውን፣ ስድስት ነጥብ። እኔ ልጨፍር ስል ሽማግሌው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። "ምን ሆነ?" ብለው "ገባ እኮ!" አለኝ። ያልገባኝ እንግሊዝኛው ነው ወይስ ጨዋታው?

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፦
ወንድሜ፣ እንግሊዝኛህ ደህና ነው። ጉዱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። የቀረው 1 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ ነበር። ላየንስ ታይም አውታቸውን ጨርሰዋል፤ ሰዓት ማስቆም አይችሉም። ገርሊ መስመሩ ጋ ቢወድቅ ኳሷ በአትላንታ እጅ ትቀራለች። የአትላንታው ኳስ ወርዋሪ ማት ራያን ኳሷን ይቀበልና ይንበረከካል፤ ሰዓቱ ይነጉዳል። ከአንዱ ጨዋታ እስከሚቀጥለው 40 ሴኮንድ ያህል መጎተት ይቻላል። ጥቂት ሴኮንድ ሲቀር መቺው ያንግሆ ኩ ይገባና ከአፍንጫው ሥር ፊልድ ጎል (በእግር ተመትታ በምሰሶዎቹ መሃል የምታልፍ፣ ሦስት ነጥብ የምታስገኝ ምት) ይመታል። 17 ለ 16፣ ወደ ቤት። የሆነው ግን ሌላ ነው። ገባ፣ ሁለት ነጥብም ጨመሩ፣ 22 ለ 16 ሆነ። ነጥብ ያስቆጠረ ኳሷን ለተጋጣሚው ስለሚሰጥ፣ ለላየንስ ኳስና አንድ ደቂቃ ሸለሟቸው ማለት ነው። የላየንሱ ወርዋሪ ማት ስታፎርድ ሰዓቱ ዜሮ ሲል ለቡድን ጓደኛው ለሆከንሰን ታችዳውን ወረወረ። የመጨረሻዋ የአንድ ነጥብ ምት ተጨምራ 23 ለ 22 ተሸነፉ።

ልጄ ሃይስኩል ይጫወታል። አሰልጣኛቸው ይሄንን ለብቻው ያለማምዳቸዋል። ውጤቱንና የቀረውን ሰዓት ይጮህና፣ ኳስ የያዘው ልጅ እየሮጠ መግባት ወይ መውደቅ አለበት። የኔው ልጅ የመጀመሪያ ቀን እየጨፈረ ገባ። ለቅጣት ሜዳውን አራት ዙር ሮጠ።

ቦሌ ሚካኤል፦
እኛ ጋ ኮርነር ባንዲራው ጋ ኳስ ይዞ ጀርባ መስጠት እንደሚባለው ነዋ። ግን ጋሼ፣ ፊልድ ጎሉ ቢሳትስ? እኔ የገባውን ነው የምመርጠው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፦
ሊሳት ይችላል፣ አልክድህም። ግን ርቀቱን እየው፤ 20 ያርድ ገደማ ናት። ከታችዳውን በኋላ የምትመታው የአንድ ነጥቧ ምት እንኳ 33 ያርድ ናት። እሷን ደግሞ ሁሌ ሲያስገቧት ታያለህ። ደግሞ 6 ነጥብ ብልጫ ምን ያስተማምናል? አንድ ታችዳውንና አንድ ምት ያፈርሰዋል። ቢገባ የ10 ነጥብ ብልጫ የሚያገኝ ቢሆን ኖሮ "ግባ፣ ጨፍርም" እለው ነበር።

አቦልና በረካ፦
ያንን ሽማግሌ እባክህ ተንከባከበው። የሱ ቁስል ከገርሊ በፊት ነው የጀመረው። በፈረንጅ 2017፣ ሂዩስተን ላይ፣ ሱፐር ቦውል፣ የሊጉ ዋንጫ ፍጻሜ። እህቴ ቤት ነበርን። አቦሉ ሲቀዳ ፋልከንስ ፓትሪዮትስን 28 ለ 3 ይመሩ ነበር። በረካው ሲደርስ የሚጠጣ ሰው ጠፋ።

28 ለ 20 ሆኖ፣ አምስት ደቂቃ ያልሞላ ሰዓት ሲቀር የፋልከንሱ ሁሊዮ ጆንስ የሜዳው ጠርዝ ላይ አየር ላይ ተዘርግቶ አንድ ኳስ ያዘ። ዛሬም ሳየው ሰውነቴን ይወረኛል። የፓትሪዮትስ 22 ያርድ ላይ ናቸው። እዚያው እየሮጡ ቢወድቁ እንኳ ፊልድ ጎሉ አለ። 31 ለ 20 ከሆነ የፓትሪዮትሱ ወርዋሪ ብሬዲ በአንድ የማጥቃት ጉዞ አይደርስባቸውም። እነሱ ግን ሊወረውሩ አሉ። ራያን ሳይወረውር ተያዘና 12 ያርድ ወደ ኋላ ሄደ። በላዩ ላይ የ10 ያርድ ቅጣት። ከመምቻው ርቀት ወጡ፣ ኳሷን አስረከቡ። ብሬዲ አቻ አደረገ፣ በተጨማሪ ሰዓት 34 ለ 28 አለቀ።

በገርሊ ብዙ አልፈርድም። ማድረግ ያለበትን ያውቅ ነበር፤ እግሩ ከዳው። የሂዩስተኑ ግን ተመክሮበት የተጠራ ጨዋታ ነው። እሱን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

የክላርክስተኑ፦
ተባረኩ፣ አሁን ገባኝ። ዛሬ ማታ ሽማግሌውን "መውደቅ ነበረበት" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ወንበር ሳበልኝና ካመጣው ኦቾሎኒ ዘገነልኝ። የሂዩስተኑን ሳነሳበት ግን "እሱን ሌላ ቀን" ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቆይ ግን፣ የላየንስ ተከላካዮች ያልተጣደፉት እንዲገባ ፈልገው ነው እንዴ?