የታሪክ ፊልም ላይ ልብሱ አንዳንዴ ለምን የኪራይ ይመስላል?

ሲኒማ_ወዳጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቶ ነው። የድሮ ዘመን ፊልም ላይ ወታደሩ ወራት ሙሉ በእግሩ ሲጓዝ ከረመ ይባልና ካባውን ስታዩት ገና ከካውያ ስር የወጣ ነው፣ በቃ እዚያው ፊልሙ ይሞትብኛል። ድራጎን ያለበት ከነጭራሹ ያልነበረ ዓለም ግን ልብሱ እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል። የበጀት ጉዳይ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው? ደሞ ላልነበረ ዓለም ልብስ የሚሠራ ሰው ከየት ነው የሚጀምረው?

ክርና_መርፌ፦
በጀት አለበት ግን ዋናው እሱ አይደለም። ትልልቅ ፊልም ላይ ልብሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ገና ግማሽ መንገድ ነው፣ ከዛ በኋላ ልብስ የማስረጀት ሥራ አለ፣ ለዚሁ ብቻ የሚቀጠሩ ሰዎች አሉ። አዲሱን ኮት በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጉታል፣ ሻይ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ ኪሱ ውስጥ ከባድ ነገር ከተው ሰቅለው እንዲረግብ ያደርጉታል። ዝም ብሎ ጭቃ መርጨት አይደለም ታዲያ፣ ልብስ የሚያልቀው ሰውየው በሚሠራው ሥራ ልክ ነው፣ ጸሐፊ ከሆነ እጅጌው ጫፍ፣ ፈረሰኛ ከሆነ ሱሪው ጭኑ ጋ በውስጥ በኩል። ይሄን የዘለለ ፊልም ነው የኪራይ የሚመስልህ።
ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ከስር የሚለበሰው ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቀሚስ በዛሬ ጡት ማስያዣ ላይ ከተለበሰ ጥልፉ የፈለገውን ያህል ቢያምር አቋሟ የዛሬ ሰው ነው የሚሆነው። ከስር ያለው ልክ ሲሆን ግን ተዋናይዋ አቀማመጧም፣ ትንፋሿም፣ ዞር የምትልበት መንገድም ሳይቀር ይቀየራል። ስለዚህ ጎበዝ ዲዛይነር ከውስጥ ነው የሚጀምረው።

ጥቁር_መጋረጃ፦
እኔ ደሞ ትክክለኛነት የሚለውን ነገር ሰው ያጋንነዋል ባይ ነኝ። የፊልም ልብስ ዲዛይነሯን ሚሌና ካኖኔሮን እዩዋት፣ በ1975 ለወጣው ባሪ ሊንደን ለሚባለው ፊልም ከሌላዋ ዲዛይነር ከኡላ ብሪት ሶደርሉንድ ጋር ሆና እውነተኛ የዘመኑን ልብሶች ከጨረታ ሳይቀር እየገዙ ነው የሠሩት፣ ኦስካር አገኙ። ይቺው ሴትዮ በ2006ቱ ማሪ አንቷኔት ላይ ኬክ የመሰሉ ቀለሞች አድርጋ አሸነፈች፣ ያውም ፊልሙ ውስጥ ከንግሥቲቱ ጫማዎች መሀል ሸራ ስኒከር ብልጭ የሚልበት ሾት አለ ሃሃ። ሌላዋ ዲዛይነር ሳንዲ ፓውል ደግሞ ዘ ፌቨሪት የሚባለው ፊልም ላይ የቤተ መንግሥቱን የወጥ ቤት ሠራተኞች ከአሮጌ ጂንስ በተሠራ ልብስ ነው ያለበሰቻቸው። እያወቅክ ስትጥሰው ሌላ ነው፣ ሳታውቅ ስትጥሰው ነው የሚያስጠላው።

ታሪክ_ይቅደም፦
@ጥቁር_መጋረጃ ይሄ ለአንተ ነው የሚሠራው፣ አብዛኛው ሰው ግን ታሪክ የሚማረው ከፊልም ነው። ቫይኪንግ ሲባል ሁላችሁም ቀንድ ያለው የራስ ቁር ነው የሚታያችሁ አይደል? ቫይኪንጎች እንዲህ ያለ ነገር ለጦርነት እንዳደረጉ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፣ ነገሩን በዓለም ያስፋፋው ካርል ኤሚል ዶፕለር በ1876 ለጀርመናዊው ሙዚቀኛ ለዋግነር ኦፔራ የነደፈው የመድረክ ልብስ ነው፣ ይኸው እስከዛሬ አልወለቀም።
ቀለምም እንደዛው ነው። መካከለኛው ዘመን ሲባል ሁሉ ነገር ግራጫና ቡኒ ማድረግ ፋሽን ሆኗል፣ እውነታው ግን ሰዎቹ ከዕፅዋት ደማቅ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ያወጡ ነበር፣ አቅም ያለው ደግሞ ቀለሙን ይወዳል። የማይሆነው እንግሊዛዊው ኬሚስት ፐርኪን በ1856 በኬሚካል ያገኘው ዓይነት ወይንጠጅ ነው፣ እሱን 14ኛው ክፍለ ዘመን ገበሬ ላይ ሳይ ያመኛል።

ሲኒማ_ወዳጅ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ የቀንዱን ጨርሶ አላውቅም ነበር። ፋንታሲውስ ግን?

ክርና_መርፌ፦
ከባዶ የሚጀምር የለም። ዲዛይነሯ ሩት ካርተር ብላክ ፓንተር (2018) ለሚባለው ፊልም የንግሥቲቱን ቆብ የወሰደችው ያገቡ የዙሉ ሴቶች ከሚያደርጉት ቆብ ነው፣ የተሠራው ግን በስሪዲ ፕሪንተር፣ የሌሶቶዎቹ የባሶቶ ሕዝብ ብርድ ልብስም አለ እዚያ ውስጥ። ዓይንህ ሥሩን ባያውቀውም አንድ ሕዝብ ሲለብሰው የኖረ ነገር መሆኑ ይሰማዋል። የቀለበቶቹ ጌታ (ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ) ላይ ያለው ከቀለበት የተያያዘ የብረት ልብስ፣ ጥሩሩ ደግሞ ፕላስቲክ ቱቦ ቆራርጠው ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በእጅ ያያያዙት ነው፣ ቀላል ስለሆነ ተዋናዩ ሮጦበት ይውላል፣ ካሜራ ላይ ግን ብረት ነው።

ሲኒማ_ወዳጅ፦
የመጨረሻ ጥያቄ፣ ያ ሁሉ የተለፋበት ልብስ አንድ ብቻ ነው እንዴ? ቢቀደድስ?

ክርና_መርፌ፦
ኧረ አንድ ብቻ አይሆንም፣ በተለይ ድብድብ ካለ። ለተዋናዩ፣ ለስታንቱ (አደገኛውን ትዕይንት በእሱ ፈንታ ለሚሠራው)፣ ውሃ ውስጥ ለሚገባው እያሉ ብዙ ኮፒ ይሰፋል፣ የስታንቱ መከላከያ ከስር ስለሚገባበት የእሱ ልብስ ትንሽ ሰፋ ይላል። ከዚህም የሚከፋው ፊልም በቅደም ተከተል አይቀረፅም፣ ጠዋት መጨረሻው ከሰዓት መጀመሪያው ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ያንኑ ካባ ንፁህ፣ ትንሽ የቆሸሸና የተበጣጠሰ አድርገው ለየብቻ ያዘጋጁና የቱ ትዕይንት ላይ ቀዳዳው የት ጋ እንደነበር በፎቶ ይይዙታል። እንግዲህ አንዳንዴ ጀግናው በር ሲገባ የተቀደደ እጅጌ ክፍሉ ውስጥ ሲደርስ ድኖ የምታየው ፎቶውን ያላየ ሰው ሲኖር ነው 😂