የአብጃታ ሻላ ፕሮፖዛል፦ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊ፦ ማኅበራችን የአብጃታና የሻላ ሐይቆች ያሉበትን ብሔራዊ ፓርክ ለማዳን የሚያቀርበው ረቂቅ ይኸው። ከፓርኩ ክልል አሸዋ መጫን ይቁም። ሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና የሚሆን ዱቄት) የሚያመርተው ፋብሪካ ከአብጃታ የሚስበው ውሃ ተለክቶ ይፋ ይደረግ። ባቱ አጠገብ ካለው ከዝዋይ ሐይቅ በሚነሳው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ የሚገባው ውሃ ከስንት እንዳያንስ ይወሰን፤ አብጃታ መውጫ የለውም፣ የሚገባው ሲቀንስ እየጨመረ የሚሄደው ጨውና ሶዳው ነው። በጀቱ ከታች አለ። ቲሸርቱ ላይ ፍላሚንጎ ይታተማል።

ከአርሲ ነጌሌ፦ ለምን ፍላሚንጎ? ዓሣው አልቆበት የተቸገረው ፔሊካን ነው። እንቁላሉን የሚጥለው ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ፣ ዓሣ የሚያጠምደው ግን አብጃታ ነበር። ፍላሚንጎማ አልጌ በል ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ቲሸርት ማን አጸደቀ? የአምናው ባነር ዕዳ ገና አልተከፈለም።

ጸሐፊ፦ ፍላሚንጎን ሰው ያውቀዋል። ፔሊካን ብናትም ዳክዬ ነው የሚሉት።

ከአርሲ ነጌሌ፦ ታዲያ እናስረዳቸዋ! ማኅበሩ ለፎቶ ነው እንዴ የተቋቋመው?

ከሻሸመኔ፦ እናንተ በወፍ ተጣሉ፣ ሲኖትራኩ ሌሊት ሌሊት ይጭናል። እኔ ግን አሸዋው ይቁም የሚለውን እንዲሁ አልፈርምም። የሚጭኑት የሰፈራችን ልጆች ናቸው፤ ምን ይብሉ? ደብዳቤውስ ለማን ነው? ፓርኩን የሚያስተዳድረው ፌዴራል፣ የአሸዋ ፈቃድ የሚሰጠው ክልል። አንዱ ወደ ሌላው ይመራዋል፣ እዚያው ይቀራል።

ከባቱ፦ የቡልቡላው ነጥብ እኛን ለመክሰስ ነው? የኛ ገበሬ የሚኖረው በፓምፕ በሚስበው ውሃ ነው። ከዚያው የሚስበውን የአበባ እርሻ ስም ለመጥራት ፈራችሁ?

ጸሐፊ፦ ማንም አልፈራም። የሕጉን ክፍል እጽፋለሁ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995ን አያይዛለሁ ያለው ሰውዬ የት ገባ?

ገንዘብ ያዥ፦ ስልኩ ዝግ ነው። ቲሸርቱስ?

ከአርሲ ነጌሌ፦ በቃ፣ ተናድጄ ነው። ከፊት ፍላሚንጎ፣ ከጀርባ ፔሊካን ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት ሕትመት፣ ሁለት ዋጋ!

ሊቀመንበር፦ ቲሸርት ቀርቷል፤ ኮፍያ፣ ያለ ሥዕል። የአሸዋው ነጥብ «ለሚጭኑት ወጣቶች አማራጭ ሥራ ይፈለግ» ይባል። የቡልቡላው ለጊዜው ይውጣ። ስለ ፋብሪካው ከመጻፋችን በፊት ቦታውን እንጎብኝ፤ የኮስተር ኪራይ በጀቱ ውስጥ ይግባ።

ከባቱ፦ እንዲህ ከሆነ እፈርማለሁ።

ከአርሲ ነጌሌ፦ አሸዋው ሳይቆም ምን ልንጎበኝ ነው?

ከሻሸመኔ፦ ቅዳሜ ለቅሶ አለብኝ። እሑድ ከሆነና ምሳው ላንጋኖ ከሆነ ሁለት ሰው ጨምሩልኝ።